ሽቦ ሳይቆረጥ ካረንት መለካት፦ በፌራይት ቀለበትና በሆል ሴንሰር

ለመጀመሪያ ጊዜ ክላምፕ ሜትር (ሽቦን በመንጋጋው ከብቦ ካረንት የሚለካ መሣሪያ) የያዝኩ ቀን የማሞቂያውን ገመድ መንጋጋው ውስጥ አስገባሁና ስክሪኑን አየሁ። ማሞቂያው ቀልቷል፤ ሙቀቱ ፊቴን ይጠብሰኛል። ሜትሩ ግን 0.0 ይላል። ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም ዜሮ። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስነሳ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶኝ ሳቀ። «ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ ነው እኮ የያዝከው» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነበር። በአንዱ ሽቦ የሄደው ካረንት በሌላው ይመለሳል። የሁለቱ መግነጢሳዊ መስክ መጠኑ እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ እርስ በርስ ይጠፋፋል። ሜትሩ አልዋሸም፤ በመንጋጋው መሀል ያለፈው ካረንት ሲደመር በእርግጥም ዜሮ ነው። ሊኬጅ ብሬከርም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ በቀለበት ያሳልፋቸዋል። ድምሩ ከዜሮ ከራቀ፣ ለምሳሌ 30 ሚሊአምፔር ከደረሰ፣ «የሆነ ቦታ ካረንት እያመለጠ ነው» ብሎ ይቆርጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልረሳም። መለኪያው ውስጥ ያለው ሴንሰር ካረንት አያይም። የተቀመጠበት ቦታ ላይ ስንት መግነጢሳዊ መስክ እንዳለ ብቻ ይናገራል፤ መስኩ ከየትኛው ሽቦ መጣ የሚለው እሱን አያገባውም። ስለዚህ አብዛኛው ሥራችን ኤሌክትሮኒክስ አይደለም፤ ሴንሰሩ የምንፈልገውን ሽቦ ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ይህ መመሪያ ኤሲንም (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ካረንት) ዲሲንም (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) የሚለካ፣ እስከ 100 አምፔር የሚደርስ መለኪያ በእጅ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ስሌት

ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ በ1820 ካረንት የሚሄድበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። የእኛ ሥራ መነሻው እሱ ነው። መርፌውን የሚያዞረው መስክ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አምፔሩን በ200 አባዙ፤ ከዚያ ከሽቦው መሀል እስከ ሴንሰሩ ላለው ርቀት በሚሊሜትር አካፍሉ። መልሱ በማይክሮቴስላ ነው።

እንሞክረው። 1 አምፔር የሚያልፍበት ሽቦ፣ ሴንሰሩ 10 ሚሊሜትር ርቆ፦ 20 ማይክሮቴስላ። የመሬት የራሷ መግነጢሳዊ መስክ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ማለትም ሴንሰሩን ሽቦ ላይ ለጥፋችሁ 1 አምፔር ዲሲ ልለካ ብትሉ፣ መሬት ራሷ ከሽቦው በላይ ትጮኻለች። ሳጥኑን ባዞራችሁ ቁጥር ንባቡ ይቀየራል። ሴንሰሩ ከ10 ወደ 11 ሚሊሜትር ቢንሸራተት ደግሞ ንባቡ 9 ከመቶ ይወርዳል። ሴንሰርን ሽቦ ላይ በፕላስተር መለጠፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀለበት ነው። ሽቦውን በፌራይት (መስክን በቀላሉ የሚያሳልፍ መግነጢሳዊ ሸክላ) ቀለበት መሀል ካሳለፍነውና በቀለበቱ ላይ ጠባብ ክፍተት ካበጀን፣ መስኩ በቀለበቱ ተሰብስቦ በክፍተቱ በኩል ያልፋል። ሁለተኛው ስሌት ለዚህ ነው። አምፔሩን በ1.257 አባዙና ለክፍተቱ ስፋት በሚሊሜትር አካፍሉ። መልሱ በሚሊቴስላ ነው። 100 አምፔር በ2 ሚሊሜትር ክፍተት 63 ሚሊቴስላ ገደማ ይሰጣል። ያለ ቀለበት፣ በ10 ሚሊሜትር ርቀት፣ ያው 100 አምፔር የሚሰጠው 2 ሚሊቴስላ ብቻ ነው። ከ30 እጥፍ በላይ አተረፍን። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ መሀል ሆነ ጠርዝ፣ ንባቡ ብዙም አይለወጥም።

እርምጃ 1፦ ምን እንደምትለኩ ወስኑ

ኤሲ ብቻ ከሆነ የምትለኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ተከፍቶ የሚዘጋ ካረንት ትራንስፎርመር ግዙ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት 100 አምፔር ሲያልፍበት 50 ሚሊአምፔር ያወጣል። ጫፎቹ ላይ 22 ኦም ሬዚስተር ስታደርጉ 1.1 ቮልት ታገኛላችሁ። አለቀ። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ካረንት እያለፈበት ጫፎቹን ክፍት አትተዉ። ሬዚስተሩ ሲነቀል ቮልቴጁ አደገኛ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ውስጣቸው መከላከያ ያላቸውም አሉ፤ የእናንተ አለው ብላችሁ ግን አትገምቱ።

በጣም ትልቅ የኤሲ ካረንት ከሆነ፣ ወይም ወፍራም ባዝባር (በሽቦ ምትክ ካረንት የሚያሳልፍ ጠፍጣፋ የብረት ዘንግ) መክበብ ካለባችሁ፣ ሮጎውስኪ የሚባለው ተጣጣፊ ጥቅል ይሻላል። መሀሉ ላይ መግነጢሳዊ ኮር የለውም፣ ስለዚህ አይጠግብም፤ ማለትም ካረንቱ ቢበዛም መለካቱን አያቆምም። ነገር ግን የሚያወጣው ሲግናል የካረንቱን ለውጥ ፍጥነት የሚከተል ነው፤ ካረንቱን ለማግኘት ኢንተግሬተር (ለውጡን እየደመረ የሚሄድ ሰርኪት) ይፈልጋል።

ሁለቱም ዲሲ አያዩም። ባትሪ፣ ሶላር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወይም የዲሲ ሞተር ከሆነ ሥራችሁ፣ ሆል ሴንሰር ያስፈልጋችኋል። ኤድዊን ሆል በ1879 ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ያየው ነገር ነው፤ ካረንት በሚሄድበት ስስ ብረት ላይ መስክ ሲያርፍ በጎንና በጎኑ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። መስኩ ቢለዋወጥም ባይለዋወጥም ግድ የለውም።

በትንሽ ቦርድ ላይ ስለሚሸጠው ቺፕ፣ ስለ ኤሲኤስ712 ሳትጠይቁኝ በፊት፦ እሱም ሆል ሴንሰር ነው፣ ጥሩም ነው። የ30 አምፔሩ ለእያንዳንዱ አምፔር 66 ሚሊቮልት ይሰጣል። ግን ሽቦውን ቆርጣችሁ በእሱ ውስጥ ማሳለፍ አለባችሁ። ለመማሪያና ለትንሽ ካረንት ይሁን። በ230 ቮልት መስመር ላይ በዚያች ትንሽ ቦርድ ብሎን 25 አምፔር የሚያሳልፍ ሰው ሳይ ግን ሆዴን ይረብሸኛል።

እርምጃ 2፦ ዕቃ መሰብሰብ

የሚያስፈልጋችሁ ሽቦው የሚያልፍበት ፌራይት ቀለበት፣ ሊኒየር ሆል ሴንሰር፣ ማይክሮኮንትሮለር (ቮልቴጁን አንብቦ የሚያሰላ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ 1.6 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ሁለት 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና መልቲሜትር ነው።

ሴንሰር ስትገዙ «ሊኒየር» የሚለውን አጥብቃችሁ ጠይቁ። መልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ማግኔት ሲጠጋቸው በርቶ መጥፋት ብቻ የሚያውቁ አሉ። እነሱ ለዚህ አይሆኑም። ለመለየት 5 ቮልት ስጡትና ውጤቱን በመልቲሜትር እዩ። 2.5 ቮልት አካባቢ ቆሞ ማግኔት ስታጠጉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደ ትክክለኛው ነው።

እርምጃ 3፦ ቀለበቱን መቁረጥ

እዚህ ላይ ብዙ ቀለበት ይሰበራል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰባብሬአለሁ። ፌራይት እንደ ሸክላ ነው፤ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ጫና ወይም ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። የብረት መጋዝ አይነካውም። በትንሽ ድሪል ላይ የሚገጠም የአልማዝ ዲስክ ያስፈልጋል።

ቀለበቱን በቀጥታ በብረት ሞርሳ አትያዙት። ጨርቅ ወይም ጎማ አልብሱትና፣ እንዳይንቀሳቀስ ያህል ብቻ ያዙት። የሚቆረጠውን ቦታ በቀጭን ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ጠርዙ እንዳይፈነጠር ይረዳል። ዲስኩን አትጫኑት፣ ራሱ ይብላ። በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጥቁር ጭቃ ይወጣል፤ ያ ጤናማ ምልክት ነው። ደረቅ አቧራ ከወጣ ሙቀቱ በዝቷል፣ አቁሙ። መጨረሻው ላይ፣ ሊበጠስ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው፣ ከበፊቱ በበለጠ ቀስ በሉ። የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። መነጽርና ማስክ አይቀሩም።

ክፍተቱ ሴንሰሩን እንደ ምንም የሚያስገባ ይሁን። ሴንሰሩ 1.5 ሚሊሜትር ከወፈረ 2 ሚሊሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ የምታሰፉት እያንዳንዱ ክፋይ ሲግናል ይበላል።

መቁረጥ ያልደፈረ ሰው ሌላ መንገድ አለው። በኬብሎች ላይ የሚገጠመውን፣ ለሁለት የሚከፈለውን ፌራይት ይጠቀም። በአንዱ መገጣጠሚያ ሴንሰሩን ያስገባል፣ በሌላኛው በልክ ያንኑ የሚያህል ፕላስቲክ ያስገባል። በስሌቱ የሁለቱ ክፍተቶች ድምር እንደሚገባ ብቻ አትርሱ፤ ሲግናሉ በግማሽ አካባቢ ይቀንሳል። ጥቅሙ፣ ሽቦውን ሳትፈቱ ከላዩ ላይ መግጠም መቻላችሁ ነው።

ክፍተት የሌለው ቀለበትስ? ዲሲ ሲያልፍበት በጥቂት አስር አምፔር ወይም ከዚያ በታች ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ካረንት ቢጨምርም መስኩ እምብዛም አይጨምርም። ክፍተቱ ለሴንሰሩ ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ ቀለበቱ እንዳይጠግብም ያደርጋል።

እርምጃ 4፦ ሴንሰሩን ማስገባት

ሆል ሴንሰር የሚሰማው በፊቱና በጀርባው በኩል የሚያልፈውን መስክ ነው። ስለዚህ ሰፊው ፊቱ ከተቆረጠው የፌራይት ፊት ጋር ፊት ለፊት ይሁን። እግሮቹ ወደ ውጭ ይውጡ። ከላይ ሲታይ በክፍተቱ መሀል ይሁን እንጂ ጠርዝ ላይ አይንጠልጠል።

በሙጫ ከማጣበቃችሁ በፊት ሞክሩት። ባለ 5 ቮልት ምንጭ አገናኙ፣ ትንሽ ካረንት በቀለበቱ አሳልፉ፣ ንባቡ መንቀሳቀሱን እዩ። ከዚያ አጣብቁ። ሴንሰሩ በኋላ ላይ ቢነቃነቅ የሠራችሁት ካሊብሬሽን (ንባቡን ከሚታወቅ ካረንት ጋር ማመሳከር) ሁሉ ገደል ይገባል።

እርምጃ 5፦ ሽቦዎቹን ማገናኘት

ከሴንሰሩ እግር ሥር፣ በፖዘቲቩና በግራውንዱ መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስቀምጡ። ውጤቱን በ1.6 ኪሎኦም ሬዚስተር አሳልፉና፣ ከሬዚስተሩ ማዶ ሁለተኛውን ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ዘርጉ። ይህ ከ1 ኪሎሄርዝ በላይ ያለውን ጫጫታ ያለዝባል። ረጅም መስመር ከሆነ ሦስቱን ሽቦዎች አብራችሁ ግመዱ።

አንድ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። እነዚህ ሴንሰሮች በአብዛኛው ውጤታቸው የሚቆመው በአቅርቦቱ ግማሽ ላይ ነው። አቅርቦቱ ከ5.0 ወደ 4.8 ቢወርድ ዜሮው ከ2.5 ወደ 2.4 ይወርዳል። ማይክሮኮንትሮለራችሁ ያንኑ 5 ቮልት እንደ ማነጻጸሪያ ከተጠቀመ ሁለቱ አብረው ስለሚወርዱ ስህተቱ ይጠፋል። በሌላ ምንጭ ካነበባችሁት ግን የዩኤስቢ ገመድ በቀየራችሁ ቁጥር «ካረንት» ታያላችሁ።

እርምጃ 6፦ ምን እንደምትጠብቁ አስሉ

የሴንሰሩ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) 1.4 ሚሊቮልት በጋውስ ይላል እንበል። 1 ሚሊቴስላ 10 ጋውስ ነው። 50 አምፔር በ2 ሚሊሜትር ክፍተት 31.4 ሚሊቴስላ፣ ማለትም 314 ጋውስ ይሰጣል። በ1.4 ስናባዛው 440 ሚሊቮልት። ለአንድ አምፔር 8.8 ሚሊቮልት መሆኑ ነው።

አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ባለ 10 ቢት ንባብ አንድ ደረጃው 4.9 ሚሊቮልት ነው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከግማሽ አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ለብየዳ ማሽን ይበቃል፤ ለስልክ ቻርጀር ቀልድ ነው። ሁለት መውጫ አለ። ባለ 12 ወይም 16 ቢት መቀየሪያ መጠቀም፣ ወይም ሽቦውን በቀለበቱ ደጋግሞ ማሳለፍ። አምስት ጊዜ ያለፈ ሽቦ ሲግናሉን አምስት እጥፍ ያደርገዋል፤ የሚለካው ከፍተኛ ካረንትም በዚያው ልክ በአምስት ይከፈላል። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ፤ ነፃ ነው፣ ጫጫታም አይጨምርም።

እርምጃ 7፦ ዜሮውን መያዝ

ካረንት ሳይኖር የሚታየውን ቮልቴጅ መዝግቡ። ሴንሰሩ ሲሞቅ ዜሮው ስለሚንሸራተት፣ አብርታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አካባቢውንም ጥረጉ። አንድ ማታ ዜሮው እየተነሳ አስቸገረኝ፤ ኮዱን አሥር ጊዜ ፈተሽኩ። ጥፋተኛው ጫፉ ማግኔት የሆነ ስክሪውድራይቨር ነበር፤ ከቀለበቱ አንድ ጣት ርቀት ላይ ተኝቷል። ስፒከርና የስልክ ማግኔታዊ ክዳንም እንደዚያው ናቸው።

ሌላው ተንኮለኛ ነገር ቅሪት ነው። ትልቅ ዲሲ ካለፈ በኋላ ፌራይቱ ትንሽ ማግኔትነት ሊይዝ ይችላል። ዜሮ ላይ ሆኖ ጥቂት ካረንት ያሳያል። ለማጽዳት ኤሲ በቀለበቱ አሳልፋችሁ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ቀንሱት። ይህን ዘዴ የሚፈራ ሰው በሚቀጥለው እርምጃ ያለውን የመገልበጥ ብልሃት ይጠቀም።

እርምጃ 8፦ ካሊብሬሽን

ዳታሺትን አምኖ ካሊብሬሽን መዝለል የለም። መጋዙ ክፍተቱን 2 ሳይሆን 2.1 ሚሊሜትር ካደረገው ብቻ 5 ከመቶ ስታችኋል።

50 አምፔር ከየት ይመጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ባለ 12 ቮልት ባትሪና የመኪና የፊት መብራት ይበቃል። 55 ዋት አምፖል 4.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሽፋን ያለው ሽቦ በቀለበቱ 10 ጊዜ አሳልፉ። ቀለበቱ የሚያየው 46 አምፔር ነው። መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ አስገቡና እውነተኛውን ቁጥር ከእሱ አንብቡ፤ በአምፖሉ ላይ የተጻፈው ግምት ነው። ፊውዝ በባትሪው ጫፍ ይኑር። ቆጠራው ላይ ተጠንቀቁ፦ የሚቆጠረው በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ያለፈው ሽቦ ብዛት ነው እንጂ በውጭ የታየው ዙር አይደለም።

የሴንሰሩን ቮልቴጅ መዝግቡ። አሁን የባትሪውን ጫፎች ገልብጡና እንደገና መዝግቡ። ሁለቱ ለምሳሌ 2.905 እና 2.095 ቢሆኑ፣ መሀላቸው 2.500 ዜሮአችሁ ነው። ልዩነታቸው 0.810 ነው፤ ግማሹ 405 ሚሊቮልት ለ46 አምፔር። ለአንድ አምፔር 8.8 ሚሊቮልት። ዜሮውን ብቻውን ከመለካት ይህ ይሻላል፤ የመሬትን መስክም አብሮ ያወጣዋል።

ከዚያ በ5 እና በ2 ዙር ድገሙት። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካላረፉ ዙር ስታችኋል ወይም ሴንሰሩ ተነቃንቋል። በዲሲ የተገኘው ቁጥር ለ50 ሄርዝ ኤሲም ያገለግላል።

እርምጃ 9፦ ኮዱ ምን ይሥራ

ለዲሲ ቀላል ነው። ብዙ ንባብ አማክሉ፣ ዜሮውን ቀንሱ፣ በካሊብሬሽን ለአንድ አምፔር ላገኛችሁት ሚሊቮልት አካፍሉ።

ለኤሲ እንዲህ አድርጉ። በሰከንድ 2000 ጊዜ አንብቡ። 100 ሚሊሰከንድ ሙሉ፣ ማለትም 200 ንባብ ሰብስቡ። 100 ሚሊሰከንድ የመረጥኩት 50 ሄርዝ በትክክል አምስት ዑደት፣ 60 ሄርዝ ደግሞ ስድስት ዑደት ስለሚሞላበት ነው። የ200ዎቹን አማካይ ከእያንዳንዱ ቀንሱ። በዚህ የዜሮ መንሸራተትም፣ የመሬት መስክም፣ ያ ስክሪውድራይቨርም ይወገዳሉ። የቀረውን እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ አማክሉ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ። ያ ነው እውነተኛው አርኤምኤስ፣ ማለትም የኤሲ ካረንት መጠን የሚገለጽበት ቁጥር። ጫፉን ብቻ ይዞ በ0.707 ማባዛት የሚሠራው ለጥሩ ሳይን ሞገድ ነው። ኤልኢዲ መብራቶችና የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላዮች ካረንቱን እየቆራረሱ ስለሚወስዱ ውጤቱ ያስታል።

ካረንት ሳይኖርም 0.3 ወይም 0.4 አምፔር ሊያሳይ ይችላል። ጫጫታው ነው። ዝም ብላችሁ አትቀንሱት። የጫጫታውን ቁጥር በራሱ አባዙ፣ ከንባቡ ካሬ ላይ ቀንሱ፣ ከዚያ ሩት አውጡ። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ካረንት ላይ ግልጽ ይሆናል፦ ጫጫታው 10 አምፔር ላይ ምንም ያህል አይጨምርም፤ ዝም ብላችሁ ስትቀንሱ ግን 0.4 ትቀንሱበታላችሁ።

እርምጃ 10፦ እውነተኛው መስመር ላይ መግጠም

የብሬከር ሳጥን ለመክፈት ፈቃድና ልምድ ያለው ሰው ይኑር። መስመሩን አጥፉ፣ በቴስተር መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ የሽቦውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ በቀለበቱ አሳልፉና ብሎኑን መልሳችሁ አጥብቁ። በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ሽቦው ሽፋኑ ሙሉ ይሁን። ፌራይት ኢንሱሌተር ነው ብላችሁ አትመኑት፤ ቀለበቱን በፕላስተር ጠቅልሉት። የሴንሰሩ ሽቦዎች ከኃይል መስመሩ ጋር አብረው አይታሰሩ።

በቀለበቱ አንድ ሽቦ ብቻ ይለፍ። ሦስት ፌዝ ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱ ቀለበት። ጎረቤት ሽቦዎች ከክፍተቱ ይራቁ፤ ቀለበቱን አዙራችሁ ክፍተቱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ በኩል እንዲሆን አድርጉ። ለመፈተሽ የእናንተን መስመር አጥፉና የጎረቤቱን ብቻ አብሩ። የሚታየው ቁጥር ሁሉ ሾልኮ የገባ ነው።

ቀለበት የማይገባበት ባዝባር ከሆነ ሁለት ሴንሰር በሁለቱ ጎን ትይዩ አድርጉና ንባባቸውን ቀንሱ። የባዝባሩ መስክ በሁለቱ ጎን ተቃራኒ ስለሆነ ይደመራል፤ ከሩቅ የመጣው ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ይጠፋል። ቅርብ ያለ ጎረቤት ግን ለሁለቱ እኩል አይደርስም፣ ሙሉ በሙሉም አይጠፋም። ያን ጊዜ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሴንሰር በክብ ዙሪያ እኩል አራርቃችሁ፣ ፊታቸው ሁሉ በዙሪያው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞር አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ንባባቸውንም ደምሩ። ካሊብሬሽኑን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እዚያው በተገጠመበት ቦታ ድገሙት።